ለሞታችን እድር አለን፤ ለሕመማችንስ ማን አለን?

መገናኛ ይሁን ሜክሲኮ፣ ሳሪስ ይሁን አውቶቡስ ተራ፣ አንድ ያረጀ ሚኒባስ ጥግ ይዞ ይቆማል። ጎኑ ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ፊቷ የገረጣ ወጣት፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ። በድምፅ ማጉያው አንድ ጎረምሳ ይለፍፋል። "ወገን! ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል! አምስት ብርም ሕይወት ያድናል!" መንገደኛው ኪሱን ይዳብሳል፣ ያለውን ይጥላል፣ "እግዜር ይማርሽ" ብሎ ያልፋል። እኔም ጥዬ አልፌያለሁ። እናንተም ጥላችሁ አልፋችኋል።

ለመሆኑ ይህ ምንድን ነው? ልመና ነው? በፍጹም! ይህ የዚህች አገር የጤና መድን ነው። ጽሕፈት ቤቱ አስፋልት ላይ ነው፣ ገንዘብ ያዡ ካርቶን ነው፣ ደንቡ የመንገደኛ ርኅራኄ ነው። ጩኸት የቻለ ይድናል፣ ጩኸት ያልቻለ ቤቱ ተኝቶ ያልቃል።

እኛ ኢትዮጵያውያን መድን ምን እንደሆነ የማናውቅ ሕዝቦች ብንሆን ኖሮ ባልገረመኝ። ግን እናውቃለን እኮ! በየወሩ መጀመሪያ እሑድ የእድር የምንከፍለው ለምን ሆነና? ማን ነገ እንደሚሞት ስለማናውቅ ሁላችንም ጥቂት ጥቂት እናዋጣለን፤ የሞተበት ቤት ድንኳን ይተከልለታል፣ ወንበርና ብርጭቆ ይመጣለታል፣ ለቀብሩ ገንዘብ ይቆጠርለታል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ያሉት አባቶቻችን ኢንሹራንስን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውታል። ሞትን በጋራ መሸከም የቻለ ሕዝብ፣ ሕመምን ለብቻው ተሸክሞ ሲወድቅ ማየት አይገርምም? አንዳንድ እድሮች ለታመመ አባል ጥቂት እንደሚደጉሙ አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጣቸው። አብዛኛዎቻችን ግን የእድራችንን ገንዘብ የምናየው ዓይናችን ከተከደነ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ቤቴ ገብቶ አይቼው ነው።

<b>ካሜራዬ የት ሄደ?</b>

እኔ ቋሚ መሥሪያ ቤት የሌለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። በጽሑፍ ቁጥር ይከፈለኛል። የጻፍኩበት ወር እበላለሁ፣ ያልጻፍኩበት ወር እበደራለሁ። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ከተመረቅሁ ወዲህ አንድም ቀን "የሠራተኛ ሕክምና" የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። ሚስቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለችን። ሦስታችንም ጤነኞች ነበርን፤ ጤነኛ ሰው ደግሞ ሞኝ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ሚስቴ ሆዷን ይዛ ተነሣች። ሲነጋ ይለቃታል ብለን ዳማከሴ አሸን፣ ዝንጅብል አፈላን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መቆም አቃታት። በጎረቤት መኪና ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰድናት። ድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ሰው መሬት ተኝቷል። አንድ ወጣት ሐኪም፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም መስሎ፣ "ትርፍ አንጀት ነው፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። እኛ ጋ ግን አልጋ የለም። ወንድሜ፣ ከቻልክ ሌላ ቦታ ውሰዳት፣ አትዘግይ" አለኝ። ልጁን አልረግመውም። እውነቱን ነገረኝ።

ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ሄድን። እዚያ አልጋ አለ፣ ሐኪምም አለ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ግን "ስልሳ ሺህ ብር ማስያዣ" የሚል ቃል አለ። ሚስቴ ወንበር ላይ ታጥፋ ትቃትታለች፤ እኔ ስልክ ይዤ የማውቀውን ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ እቀሰቅሳለሁ። አንዱ አምስት ሺህ፣ አንዱ ሦስት ሺህ ላከ። የጎደለውን ጎረቤቴ ሞላልኝ፤ በማግስቱ ካሜራዬን ሸጬ መለስኩለት። እንጀራ የምበላበትን ካሜራ! ሚስቴ ዳነች፤ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎቶ ያለው ሥራ ሲመጣ "አልችልም" እላለሁ። ድህነት የሚገባው እንዲህ ነው፤ በር አንኳኩቶ ሳይሆን በአምቡላንስ ተጭኖ!

<b>"ድርጅትዎ ስንት ሠራተኛ አለው?"</b>

እንግዲህ ከነብር ያመለጠ ሰው ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ይሮጣል። እኔም "ሁለተኛ እንዲህ አልያዝም" ብዬ መድን ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ወደ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ገባሁ። ከረባት ያሰረ ትሑት ወጣት ተቀበለኝ።

"የጤና ኢንሹራንስ ፈልጌ ነበር።"

"በጣም ጥሩ! ድርጅትዎ ስንት ሠራተኛ አለው?"

"ድርጅት የለኝም። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ነን። ሦስት ነን።"

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠ። የጤና ሽፋን የሚሸጡት በአመዛኙ ለድርጅቶች በጅምላ መሆኑን፣ ለግለሰብ ሲሆን ግን አስቸጋሪና ውድ መሆኑን በጨዋ ደንብ አስረዳኝ። የነገረኝ ዋጋ የቤት ኪራዬን ያስንቃል። ምክንያቱንም አልደበቀኝም። "ጌታዬ፣ ብቻውን የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ነው። የታመመው ብቻ ከገባ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል" አለኝ።

እውነቱን ነው! የመድን ሒሳብ የሚሠራው ጤነኛውና በሽተኛው አንድ ላይ ሲከፍሉ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ መቶ ሰው ሲገባ፣ ዘጠናው ጤነኛ ሆኖ የአሥሩን ይሸከማል። እኔ ግን መቶ ሰው የለኝም። የታክሲ ረዳቱም የለውም። ጸጉር ሠሪዋም፣ ቀን ሠራተኛውም፣ ሱቅ በደረቴውም፣ ደላላውም የላቸውም። አሠሪ የሌለው ሰው በዚህች አገር ለሕመም ብቻውን የተሰለፈ ሰው ነው። ለዚህ ለዚህ አይደል እንዴ መንግሥት የሚባለው ነገር የተፈለገው? መቶ ሰው የሌለውን ሰው ከሚሊዮኖች ጋር እንዲያሰልፈው!

<b>"ጊዜው አልፏል፤ ለከርሞ ይምጡ"</b>

ከዚያ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለእንደኔ ዓይነቱ፣ ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ሰው የተዘጋጀ መሆኑን በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ነገሩ በ1 ሰው ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ መላው ቤተሰብ መታከሚያ ደብተር ያገኛል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ አልዋሽም። ከግል ኢንሹራንሱ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው የሰማይና የምድር ያህል ይርቃል።

ሦስት ሰዓት ያህል ወረፋ ጠብቄ ከአንዲት ሠራተኛ ፊት ደረስኩ።

"እህቴ፣ ለመመዝገብ ነው።"

"የምዝገባ ጊዜው እኮ አልፏል ወንድም። ለከርሞ ይምጡ።"

"እስከ ከርሞ ብንታመምስ?"

ዝም አለች። ከዚያ መታወቂያዬን አገላብጣ አየችው። "ደግሞ ይሄ የቤት ቁጥር የአከራይዎ ነው። እርስዎ እዚህ በጥገኝነት ነው የተመዘገቡት። ለከርሞ ሲመጡ አከራይዎን ይዘው ይምጡ።"

አያችሁልኝ? ሚስት አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ ጎጆ አለኝ፤ በወረዳው መዝገብ ግን አባወራ አይደለሁም! የአከራዬ ጥገኛ ነኝ። እኒያ ደግ አዛውንት የቤት ኪራይ ይቀበሉኛል እንጂ ሊያሳክሙኝ ውል አልገቡም።

ምዝገባው በጊዜ የተገደበው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ የኢንሹራንሱ ወጣት አስረድቶኛል። ሰው ሁሉ የታመመ ቀን ብቻ እየሮጠ ከተመዘገበ ሣጥኑ ይራቆታል። ግን መፍትሔው በር መዝጋት ነው? ዓመቱን ሙሉ መዝግበህ፣ ገንዘቡን ተቀብለህ፣ "ሽፋንህ የሚጀምረው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው" ማለት አይቻልም? ግብር ሊከፍል የመጣን ሰው "ጊዜው አልፏል ለከርሞ ና" ብሎ የመለሰ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም! ለመክፈል ስሄድ ደግሞ ማንም "ጥገኛ ነህ" ብሎኝ አያውቅም። ከምትከፈለኝ ከእያንዳንዷ ጽሑፍ ላይ ግብሬ ቀድሞ ይቆረጣል። ሳሙና ስገዛ እንኳ ከኋላዬ ሰብሳቢ አለ። ለመቁረጥ ሲሆን ያገኘኛል፤ ለማሳከም ሲሆን የቤት ቁጥሬ ይጠፋበታል!

<b>ላም አለኝ በሰማይ</b>

የነገሩን ታሪክ ጥቂት እንመልከት። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ይህ ለደመወዝተኛው ነበር። በ2005 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲከፍሉ ተወሰነ። ከዚያስ? ከዚያማ "ዘንድሮ ይጀመራል"፣ "ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል" እየተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ተንከባለለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ልብ በሉ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። እርሱ ግን ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ፤ መዋጮው ወዲያው መሰብሰብ ተጀመረ። ታናሹ ታላቁን ቀድሞ ጎጆ ወጣ ማለት ነው። ለምን? ጡረታ የዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚከፈል ዕዳ ነው። ሕመም ግን ዛሬ ነው፤ አልጋና መድኃኒት ይጠይቃል። ሠራተኛውም መዋጮውን የተቃወመው ሞኝ ሆኖ አይደለም። "ከደመወዜ ቆርጣችሁ መድኃኒት ወደሌለበት ጤና ጣቢያ ልትልኩኝ ነው?" አለ። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስብሰባ ሳይሆን የተሞላ የመድኃኒት መደርደሪያ ነበር።

የማኅበረሰብ አቀፉ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው ወደ ሌላው አገር የተስፋፋው። መክፈል ለማይችሉት ድሆች ክልልና ወረዳ እንዲከፍሉላቸው፣ የፌዴራል መንግሥትም እንዲደጉም ሆኖ የተቀረጸ ነው። ይህን መልካም ሥራ ክጄ የቁጣ ጽሑፍ ብጽፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ስንት ገበሬ በሬውን ከመሸጥ ተርፎበታል። በመንግሥት ጤና ተቋማት ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና በነጻ መሰጠቱንም አልክድም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ደብተሩን የያዘው ሰውስ ምን ያገኛል? የጎረቤቶቼን ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመታዊውን ከፍለዋል። ጤና ጣቢያ ሄደው ሐኪም ያያቸዋል፣ ማዘዣ ይጻፍላቸዋል። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሲደርሱ "የለም፤ ከውጭ ግዙ" ይባላሉ። አብዛኛው የውጭ መድኃኒት ቤት ደግሞ ደብተር አያውቅም፤ ብር ነው የሚያውቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሶበታል። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንውጠው ኪኒን አብዛኛው በዶላር የሚገዛ ነው። ደብተሩ በብር፣ በሽታው በዶላር ሆነ!

ያቺስ ሚኒባሱ ላይ የተለጠፈችው ልጅ? በ2005ቱ ደንብ፣ ለደመወዝተኛው በታሰበው ሽፋን ውስጥ እንኳ ለዘለቄታው የሚደረግ የኩላሊት እጥበት፣ የአካል ንቅለ ተከላና የውጭ አገር ሕክምና አልተካተቱም። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስም እንዲሁ። ስለዚህ አዋጁ በተባለበት ቀን ቢጀመርም ኖሮ ያ ድምፅ ማጉያ አይዘጋም ነበር።

<b>ሐኪሙን ማን ያክመው?</b>

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሰ ጥያቄ አንሥተው ነበር። ስለ ደመወዝ ብቻ የጮኹ የመሰለው ሰው ብዙ ነው። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ግን የራሳቸው የሕክምና ሽፋን ነበር። እስቲ አስቡት! ሌሊቱን ሙሉ የእኛን ሆድ ሲሰፋ የሚያድረው ሐኪም፣ እሱ ሲታመም የሚታከምበት ገንዘብ የለውም። ያ ዓይኑ ደም የመሰለ ልጅ ትዝ አለኝ። ጋግራ ፆሟን የምታድር ዳቦ ቤት ትታየኛለች።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝቡ ጤናና ትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። ቃሉ ከተገባ ሕፃን ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። እኛ ግን ካርቶን ይዘን አስፋልት ላይ ነን። የመንግሥት የራሱ ጥናቶች እንኳ ከአገሪቱ የጤና ወጪ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ከሕመምተኛው ኪስ የሚወጣ መሆኑን ያሳያሉ።

"ድሃ አገር ነን፤ ምን ይደረግ?" የሚሉ አሉ። ይህን ለሚሉት ሁለት አገር ልጥራላቸው፤ ሁለቱም ስዊድን አይደሉም። ጋና በ1995 ዓ.ም. የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ አውጥታ፣ በሸቀጥና በአገልግሎት ላይ 2 ነጥብ 5 በመቶ ለጤና መድን ብቻ የሚውል ቀረጥ ጣለች። ዕቃ የገዛ ሁሉ፣ አሠሪ ይኑረው አይኑረው፣ ለመድኑ ከፈለ ማለት ነው። እኛም እኮ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንከፍላለን! ከእርሱ ስንቷ ሳንቲም በስማችን መድን ሣጥን ውስጥ ትገባለች? ሩዋንዳ ደግሞ ከእልቂት ተነሥታ አብዛኛው ሕዝቧን በማኅበረሰብ ጤና መድን አቅፋለች፤ መዋጮውንም እንደየሰዉ አቅም በደረጃ ከፋፍላ አስከፍላለች። እኛ ዘንድስ ፎቅ ያከራየውና እኔ፣ ፎቁ ሥር የሊስትሮ ሣጥን ያስቀመጠው ልጅም፣ ዋጋችን አንድ ሊሆን ይገባል?

<b>እንግዲህ ምን ይሁን?</b>

ባለሥልጣናቱ "የግል ጋዜጣ ማማረር እንጂ መፍትሔ አያውቅም" ማለት ይወዳሉ። ይኸው መፍትሔ፦

የወረዳው በር ዓመቱን ሙሉ ይከፈት፤ አዲስ ገቢው የመጠበቂያ ጊዜ ይኑረው እንጂ አይባረር። ተከራይ በራሱ ቤተሰብ ስም ይመዝገብ፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ ስንቱ ተከራይ እንደሆነ ወረዳው ከኔ ይበልጥ ያውቃል። መዋጮው እንደ አቅም ይሁን። ደብተር የያዘ ሰው መድኃኒት ከመንግሥት ተቋም ካጣ፣ ውል በተገባለት ሌላ መድኃኒት ቤት በደብተሩ ይውሰድ። የተሰበሰበው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደወጣ፣ በየዓመቱ በወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ እድራችን እንኳ ሒሳቡን በጉባኤ ያስመረምራል!

እኛም ጣት መቀሰር ብቻ አይበቃንም። የጋዜጠኞች ማኅበራት፣ የታክሲ ማኅበራት፣ እድሮች፣ እቁቦች፣ ብቻችንን ስንሄድ "ድርጅትዎ ስንት ሰው አለው?" የምንባል ሰዎች፣ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሆነን ብንሄድ መልሱ ሌላ ይሆናል። ሁለት መቶ አባል ያለው እድር በድንኳን ብቻ ለምን ይወሰናል? ለቀብር የሚቆጠረው ገንዘብ ጥቂቱ ሰውዬው በሕይወት ሳለ ቢቆጠር ምን ነውር አለው? ደግሞ አንባቢዬ፣ የምዝገባው ወር ሲመጣ አትተኛ። እንደኔ ጤነኛ ነኝ ብለህ አትታለል። ደብተሩ ጎዶሎ ቢሆንም ከካርቶን ይሻላል።

እኔ ለከርሞ አከራዬን አስከትዬ ወረዳው ደጃፍ እቆማለሁ። አዛውንቱ "ልጄ፣ እኔ ራሴ ጉልበቴን እያመመኝ ነው፤ ወረፋው እንዴት ይቻላል?" ብለውኛል። እደግፋቸዋለሁ። አንዱ ጥገኛ ሌላውን ደግፎ ይሄዳል ማለት ነው።

ባለሥልጣናት ሆይ! ስንሞትማ ችግር የለም። እድራችን ይቀብረናል፤ ድንኳኑም ወንበሩም ተዘጋጅቷል። የምንጠይቃችሁ ሳንሞት በፊት ስላለው ጊዜ ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!